አባ ቫልቭ እና ዞሮ የተገጠመው እጀታ

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ማይኩን ሾፌራችን ሙርሺድ ከመንደራ ቆጪ ሰፈር ተከራይቶ ነው ያመጣው። ማይኩም እንደኔ ይንተባተባል፤ ሁለታችንንም ታገሱን።

ለማታውቁኝ የቤተሰብ እንግዶች፣ ፈድሊያ እባላለሁ። እዚህ ቡና ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው የአቶ ሀቢቡላህ፣ የአባ ቫልቭ፣ አስር ዓመት ሙሉ ረዳት ነበርኩ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ፣ አላህ ካለ፣ ቦታቸውን የምረከበው እኔ ነኝ። "አላህ ካለ" ያልኩት ለወግ አይደለም። ዛሬ ሳልናገረው ከዚህ መድረክ የማልወርድ አንድ ነገር አለ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ አብሳሎም እሱን ከሰሙ በኋላ ቦታውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ይችላሉ፤ ቢሰጡትም አልፈርድባቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ እንሳቅና ከዚያ እናገረዋለሁ። አባ ቫልቭ፣ እርስዎ ዛሬ እንግዳ ነዎት፤ ቁጭ ብለው ብርዝዎን ይጠጡ። የዚህን ድንኳን ብረትም አይመርምሩ፤ ሲነቀንቁት አይቻለሁ።

የመጡበትን ቀን እኔ አላየሁትም፤ ገና አልተወለድኩም ነበር። የነገረችን የንብረት ክፍሏ ያለምወርቅ ናት። እሷ በሥራ በአንድ ዓመት ትቀድማቸዋለች፤ ዕድሜዋን ግን አትጠይቋት፣ ዛሬ የሌላ ሰው ቀን ነው።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀጭን ወጣት ከሄርማታ ሰፈር በእግሩ መጥቶ በር ላይ ቆመ አሉ። ሥራ ፈልጌ ነው አለ። ዘበኛው "ቆይ፣ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው" አለው። ወጣቱ አስር ደቂቃ ያህል ቆመ። ከዚያ ከቦይለር ቤቱ በኩል የሆነ የሚያፏጭ ድምፅ ሰማ። ዘበኛው ለሻይ ዞር ሲል እሱ ሹልክ ብሎ ገባና ዋናውን የእንፋሎት ቫልቭ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የፋብሪካው ማድረቂያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ስብሰባውን ጥለው፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቶ፣ እየሮጡ መጡ።

"አንተ ማነህ?"

"ሀቢቡላህ እባላለሁ።"

"ዝጋው ያለህ ማነው?"

"ማንም። ማሸጊያው ጓርኒሲዮን አልቆ እንፋሎት እየወጣ ነው፤ እዚህ ጋ ሰው ቢያልፍ ፊቱ ይላጣል።"

"ተባረሃል። አሁኑኑ ከግቢዬ ውጣ።"

"እሺ ጌታዬ፣ ግን'ኮ ገና አልተቀጠርኩም።"

ሥራ አስኪያጁ ቧንቧውን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ልጁንም አዩ። ከምሳ በፊት ተቀጠረ። በዚህ ፋብሪካ ታሪክ ከመቀጠሩ በፊት የተባረረ ሠራተኛ አባ ቫልቭ ብቻ ናቸው።

አባ የሚለውን ስም የሰጧቸው የሊሙ ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። መቼም እኛ ጋ ሰው ሲከበር አባ እገሌ መባሉን ታውቃላችሁ። ሌላው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ እኚህ ሰው ፈረስ ስለሌላቸው በቫልቭ ተጠሩ። ስሙ ከመጽናቱ የተነሳ ልጃቸው ሙኒር አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ "የአባትህ ስም ማነው?" ሲሉት ሳያቅማማ "አባ ቫልቭ" አላቸው። ሙኒር አባ ቫልቭ ተብሎ ሦስት ወር ተማረ። ሙኒር፣ አትደበቅ፣ አይተንሃል።

አሁን ስለ ቫልቭ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ እኚህን ሰው ሳታውቋቸው ትሸኟቸዋላችሁ። የእኛ ቫልቭ አብዛኛው ቦል ቫልቭ ነው። ቧንቧው ውስጥ መሀሉ የተበሳ ክብ ብረት ተቀምጧል። ከላይ እጀታ አለው። እጀታው በቧንቧው አቅጣጫ ሲተኛ ቀዳዳውም በዚያው ይሆናል፤ እንፋሎቱ ወይም ጋዙ ያልፋል። እጀታውን ሩብ ዙር ብቻ አዙራችሁ ቧንቧው ላይ በመስቀለኛ ስታጋድሙት ይዘጋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ቧንቧውን ተከትሎ ከሄደ ክፍት፣ ከተጋደመ ዝግ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ።

እንግዲህ በግቢያችን ውስጥ ሰባ ሁለት እንዲህ ያለ ቫልቭ አለ። አባ ቫልቭ ጠዋት ሲገቡ ሰባ ሁለቱንም በእጃቸው ሳይነኩ ለሰው ሰላም አይሉም። እኔ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ "አሰላሙ አለይኩም፣ አዲሷ ሠራተኛ ነኝ" ስላቸው መልስ ያገኘሁት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። የተናቅኩ መስሎኝ አልቅሼ ነበር። ለካ ተራዬ ሰባ ሦስተኛ ነው።

ያኔ ካስተማሩኝ ነገር አንደኛው ይህ ነው። "ኢንተላ ቲያ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ቦል ቫልቭ ወይ ሙሉ ይከፈታል ወይ ሙሉ ይዘጋል። ግማሽ ላይ ከተውሽው የሚያልፈው እንፋሎት ውስጡን ይበላዋል። ከዚያ ወዲያ ብትዘጊውም አይዘጋልሽም።" ትክክል ነው። ችግሩ እሳቸው ይህን ሕግ ከቫልቭ አልፈው ለፍጥረት ሁሉ አወጡት። ገርበብ ያለ በር አይተው ማለፍ አይችሉም። አቶ አብሳሎም አዲስ የመጡ ሰሞን በራቸውን ገርበብ አድርገው ይሠሩ ነበር። አባ ቫልቭ ሲያልፉ ወለል አድርገው ከፈቱት። አቶ አብሳሎም ተነስተው ገርበብ አደረጉት። አባ ቫልቭ ሲመለሱ ደግሞ ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

"አቶ ሀቢቡላህ፣ ምን ፈልገው ነው?"

"ምንም። ወይ ይክፈቱት፣ ወይ ይዝጉት።"

"ትንሽ አየር እንዲገባ ብዬ ነው።"

"ትንሽ የሚባል ነገር የለም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ አብሳሎም የሚከፍቱት መስኮት ነው። እሱንም ሙሉ በሙሉ።

ያለምወርቅ ደግሞ የሳሙናውን ነገር ካልተናገርሽልኝ ብላ ከትናንት ጀምሮ ወጥራኛለች። ጋዝ ሲያመልጥ በዓይን አይታይም። የሳሙና አረፋ ትቀቡታላችሁ፤ የሚያመልጥ ካለ አረፋው ይነፋል። ስለዚህ አባ ቫልቭ በየወሩ ፈሳሽ ሳሙና ይጠይቃሉ። በየወሩም ንብረት ክፍል ውስጥ ጦርነት አለ።

"ሀቢብ፣ አንተ ቧንቧ ነው የምትጠግነው ወይስ የምታጥበው?"

"ሁለቱንም።"

"የምግብ ቤቱ ሰሃን በሙቅ ውሃ ብቻ ነው'ኮ የሚታጠበው በአንተ ምክንያት።"

"በሰሃን የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም።"

አረፋውን የሚቀቡት በጺም መላጫ ብሩሽ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳሊሀ ለዒድ አዲስ ብሩሽ ገዝተው ቢሰጧቸው፣ በዒዱ ማግስት ቢጫው የጋዝ መስመር ላይ አገኘሁት። ጺማቸው የረዘመው ከዚያ ወዲህ ነው። ወይዘሮ ሳሊሀ፣ ለዓመታት መልስ ያጡለት ጥያቄ ነበር መሰለኝ፤ ይኸው ዛሬ ተመለሰ።

መንገድ የወጣችሁ እንደሆነማ አይጣል ነው። ከዚህ አጋሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ከአባ ቫልቭ ጋር ሦስት ሰዓት ትፈጃለች፤ ምክንያቱም መንገድ ዳር የሚንጠባጠብ ቦኖ ካዩ መኪናው መቆም አለበት። ወርደው፣ እንግሊዝ ቁልፋቸውን ይዘው፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች "አንዴ ዞር በሉልኝ" ብለው ይጠግኑታል። ሴቶቹ መርቀው ይሸኟቸዋል፤ እሳቸው በውሃ ርሰው ይመለሱና የመኪናው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሙርሺድ አንድ ቀን መሪውን እንደያዘ "ከአባ ቫልቭ ጋር አጋሮ ከምሄድ ብቻዬን ሱዳን ደርሼ ብመለስ ይቀለኛል" ብሎኛል። አልዋሸሁም አይደል ሙርሺድ?

የአፊፋን ሰርግ ግን ማን ይረሳዋል። አፊፋ የአባ ቫልቭ ጎረቤት ናት፤ ይቻትና እዚያ ጋ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሄርማታ፣ የሦስት መቶ ሰው ድግስ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ በሦስት ትልልቅ የጋዝ ሲሊንደር ሩዝ ይበስላል። አባ ቫልቭ እጃቸውን ሊታጠቡ በዚያ ያልፋሉ። አፍንጫቸው ቆመ። ከኮታቸው ኪስ ጠርሙስ አወጡ። አዎ፣ ሰርግ ላይም ሳሙናቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። አንደኛው ጎማ ላይ ሲቀቡት አረፋው እንደ ብርቱካን አበጠ። ሦስቱንም ሲሊንደር ዘጉ፤ መክፈቻዎቹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት እንዳያልፋቸው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ወጥ ሠሪዋ ተመልሳ ስትመጣ እሳት የለም፣ መክፈቻ የለም፣ ሩዙ ግማሹ ጥሬ ነው። መንደሩ ታመሰ። ሰው መስጊድ ድረስ ተላከ። መልእክተኛው ደረሰ፤ አባ ቫልቭ ሱጁድ ላይ፣ ግንባራቸው ምንጣፉ ላይ ነው። ጠበቀ። ሰላቱ አለቀ፤ ዱዓ ጀመሩ። የእሳቸው ዱዓ እንደዚያን ቀን ረዝሞ አያውቅም አሉ። ከዚያ ወጥተው፣ ሱቅ ገብተው፣ አዲስ ጎማ ለክተው አስቆርጠው፣ በእጃቸው ገጠሙት። ሩዙ ሲደርስ ሙሽራዋ ሄዳለች። አሮጌው ጎማ ግን ጣት የሚያስገባ ያህል ተሰንጥቆ ነበር፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ያን ቀን ሰርጉ ላይ ሦስት መቶ ሰው ተራበ፣ አንድም ሰው አልተቃጠለም። አፊፋ ይኸው ወልዳም "ሩዜስ?" ትላቸዋለች።

እሺ። አሁን ወደ እጀታው ልምጣ።

የፋብሪካው ሰዎች ፈገግ ብላችኋል፤ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይ ሙርሺድ መጥረጊያ ይዞ የሚሠራት ድራማ አለች። መጥረጊያውን ያጋድማል፣ "ዘግቻለሁ" ይላል፣ ከዚያ አፍንጫውን ይዞ ይወድቃል። ያለምወርቅ አባ ቫልቭን ባገኘቻቸው ቁጥር "ሀቢብ፣ ዛሬስ እጀታው በየት በኩል ነው?" ትላቸዋለች። እሳቸውም ይስቃሉ። ለእንግዶች ላስረዳ።

የዛሬ አስር ዓመት ነው፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሊወርድ ያቆበቆበ ጠዋት። ከአዲስ አበባ ቡና ገዢዎች መጥተው ቅምሻ ክፍል ውስጥ ማንኪያ ይዘው ቆመዋል። አባ ቫልቭ በሩን በርግደው ገቡ። "ማንም መብራት እንዳይነካ። ስልክ እንዳትነኩ። ሁላችሁም ውጡ" አሉ። ወጣን። ፋብሪካው ሙሉ ወደ ዋናው በር ተተፋ፤ ዝናቡም ያኔ ወረደ። አንዱ ቡና ቀማሽ አፉ ውስጥ ያለውን መትፋት ነውር ሆነበት፣ መዋጥም የሙያው ወግ አልፈቀደለትም፤ ጉንጩን ነፍቶ ሃያ ደቂቃ ዝናብ ላይ ቆመ። ሁለት ሰዓት ጭቃ ውስጥ ዋልን። ገዢዎቹ በረጠበ ሱፍ ሄዱ፤ አልተመለሱም።

የሆነው ይህ ነበር። ወደ ቡና መቁያው የሚሄደው የጋዝ ቫልቭ እጀታ ተጋድሟል። ስለዚህ ማታ ያየው ሁሉ ዝግ ነው ብሎ አልፏል። ነገር ግን እጀታው ሩብ ዙር ዞሮ ነበር የተገጠመው፤ ቫልቩ ክፍት ነው። ጋዙ በአሮጌው ማቃጠያ በኩል ቀስ እያለ መቁያ ክፍሉን ሞልቶታል። ያን ጠዋት አንድ ሰው ገብቶ መብራት ቢያበራ ዛሬ እዚህ አንቀመጥም ነበር። አላህ በአባ ቫልቭ አፍንጫ ጠበቀን።

አቶ አብሳሎም ሁላችንንም ሰብስበው "ይህን እጀታ የገጠመው ማነው?" አሉ። አባ ቫልቭ "እኔ ነኝ" አሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ "በከባድ ቸልተኝነት" ይላል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ተለጠፈ። በዚያ ዓመት ለምስጉን ሠራተኛነት ተመርጠው ስማቸው ተሰርዟል። ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ ያለበት ሰው አይሸለምም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም አልተመረጡም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋይላቸው ውስጥ ያለው ጥፋት ያ አንድ ወረቀት ነው።

እጀታውን የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ሙርሺድ፣ ማይኩ አልተበላሸም። በትክክል ነው የሰማኸው።

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። የጋዝ እጀታዎቹን ቢጫ ቀለም ቀቢ ተባልኩ። የሚያስራቸውን ዳዶ እየፈታሁ አወለቅኳቸው፣ ቀባኋቸው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ስመልሳቸው የሠራተኛ ሰርቪሱ ጥሩምባውን ይነፋል። የመጨረሻው ቀርቷል። ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ተጋድመዋል፤ እሱንም ከእነሱ ጋር ሰልፍ እንዲይዝ አጋድሜ ገጠምኩት። ያ ቫልቭ አሮጌ ስለሆነ ማቆሚያ ጥርሱ ተሰብሯል፤ እንዳስገባችሁት ይገባል። ሳወልቀው ክፍት እንደነበር ረሳሁ። ዞር ብዬ አየሁት። ሦስቱም ቢጫ፣ ሦስቱም እኩል። ደስ ብሎኝ ሰርቪስ ገባሁ።

በማግስቱ ዝናቡ ላይ ቆሜ የእጀታውን ነገር ሲያወሩ ስሰማ የትኛው እጀታ እንደሆነ ገባኝ። ቋሚ ሠራተኛ ልሆን ስድስት ቀን ነበር የቀረኝ። አቶ አብሳሎም "ማነው?" ሲሉ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። አባ ቫልቭ ከጎኔ ቆመዋል። እግሬን ረገጡኝ። በዚያ ብረት አፍንጫ ባለው ጫማቸው። ውይ ስል ድምፄ በእሳቸው "እኔ ነኝ" ተዋጠ። ጣቴ ለሳምንት አብጦ ነበር።

በኋላ ቦይለር ቤቱ ጀርባ አገኘኋቸውና "ለምን ዋሹ?" አልኳቸው።

"ስድስት ቀን ቀርቶሻል" አሉኝ። "እኔን በአንድ ደብዳቤ አያባርሩኝም። አንቺን ዛሬውኑ ያስወጡሻል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እዚህ ክፍል ሌላ ሴት ልጅ አያስገቡም።"

"ስምዎስ?"

"ስሜ አባ ቫልቭ ነው። እሱን ማን ይነጥቀኛል?"

ከዚያ ግን አልሳቁም። "ሰው ልትገድዪ ነበር" አሉኝ። ቀጥለውም "እኔ በዚህ ግቢ ተቀጣሪ እስከሆንኩ ድረስ ለማንም አትናገሪም፣ ወላሂ በይ" አሉኝ። ወላሂ አልኩ። በማግስቱ ቅጣቴ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ በኋላ፣ በራሴ ሻርፕ ዓይኔን አስረው የተዘጋጁ አሮጌ ቫልቮች ፊት ያስቀምጡኛል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ጭረት አለ፤ ቀዳዳው ወዴት እንደዞረ የሚያሳየው እሱ ነው። በጣቴ ዳስሼ "ክፍት፣ ዝግ፣ ዝግ፣ ክፍት" እላለሁ። ከተሳሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው። ሙርሺድ በመስኮት አይቶ "ፈድሊያን ጂን ያዛት፣ አባ ቫልቭ እያስለቀቋት ነው" ብሎ ግቢውን ያስወራው ያኔ ነው። ይኸውላችሁ ጂኑ።

ዛሬ ከጁምዓ በፊት፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ አባ ቫልቭ የስንብት ወረቀታቸውን ፈርመዋል። ያለምወርቅን ሁለት ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ተቀጣሪ አይደሉም። ወላሂዬም እዚያው ላይ አብቅቷል።

ይቀመጡ አባ ቫልቭ። "ጩፊ" ይሉኛል፤ ዝጊው እያሉኝ ነው። አስር ዓመት ዝጊ ሲሉኝ ዘግቻለሁ። ዛሬ ግን አልታዘዝም፤ ይቀመጡ በአላህ።

ስለ እጀታው ያኔውኑ ይቅርታ ጠይቄዎታለሁ። እስከ ዛሬ ይቅርታ ያልጠየቅኩት ስለ ሳቁ ነው። በየዓመቱ ሙርሺድ መጥረጊያውን ይዞ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ካልሳቅኩ ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ፤ እርስዎ ደግሞ በዓይንዎ ፈልገውኝ ሳቂ ይሉኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ራሴን እጠላ ነበር። ያ ሳቅ አስር ጊዜ ነው፤ አስሩንም አውፍ ይበሉኝ። እኔ አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ ነኝ፤ አባት ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በእርስዎ ነው። እወድዎታለሁ። ይህን ሰው ፊት ለመናገር ዛሬ አላፈርኩም።

አቶ አብሳሎም፣ ልመናዬ አንድ ናት። ያ ደብዳቤ ከእሳቸው ፋይል ወጥቶ እኔ ፋይል ውስጥ ይግባ። ሰኞ ቦታውን ልስጣት አልስጣት ብለው የሚያመነቱ ከሆነ ደግሞ እሳቸው ባሉበት አሁን ይንገሩኝ።

እሺ… ወይዘሮ ሳሊሀ ቀድመዋል፣ ይናገሩ። ማይኩ ስለማይደርስ ለኋለኞቹ እኔ ልድገመው። "ለእኔም አልነገረኝም" ነው የሚሉት። አስር ዓመት ሙሉ፣ እሳቸው የቤታቸውን ሲሊንደር ገጥመው ዞር ሲሉ፣ ወይዘሮ ሳሊሀ ጎረቤት ጠርተው እንደገና ያስፈትሹ ነበር። "ያ ሰውዬ እጀታ አዙሮ የሚገጥም ነው፤ በእሱ አላምንም" ይሉ ነበር። እሳቸውም ሻያቸውን እየጠጡ ሲፈተሽ ያያሉ። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ወይዘሮ ሳሊሀ አሁን የአባ ቫልቭን ትከሻ በቡጢ መቱት። ይገባቸዋል። ደግመውም መቱት። አሁን ደግሞ እያለቀሱ ነው።

አቶ አብሳሎም ቆመዋል። እሰማለሁ። እሺ… እሺ። የተናገሩትን ልድገም። "ሰኞ ጠዋት ሁለት ደብዳቤ ይጠብቅሻል። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በስምሽ፣ ከአስር ዓመት በፊት በነበረው ቀን። ሁለተኛው የክፍል ኃላፊነት ሹመትሽ ነው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያውን ትፈርሚያለሽ" ብለዋል። እፈርማለሁ። ፋይሉን እንድታመጣም ያለምወርቅን ልከዋታል፤ ይኸው እየሮጠች ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስትሠራ ስትሮጥ ያያት የለም። ወይዘሮ ሳሊሀ "የድሮዋን ወረቀት የምቀድዳት እኔ ነኝ" ብለዋል። ማንም አይከራከራቸውም።

ሙርሺድ፣ አንገትህን ቀና አድርግ፣ አላወቅክም ነበር። በሚመጣው ግብዣ ድራማዋን ስትሠራ ግን እኔን ሆነህ ነው። ሻርፕ አውስሃለሁ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ብርዝ ያላችሁ በብርዝ፣ ለስላሳ ያላችሁ በለስላሳ። አባ ቫልቭ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ጉልበትዎ አይድከም፣ አፍንጫዎ አይታፈን። ሐጁን ከወይዘሮ ሳሊሀ ጋር አላህ ይወፍቅዎ፣ ለዚያ ያብቃዎ፤ እዚያ ያለውን ቧንቧ ግን ለባለቤቶቹ ይተዉላቸው። የልጅ ልጆችዎን አቅፈው ይጠግቡ። ገለቶማ። ስለ እኔ፣ ከእኔም በኋላ ወደዚያ ክፍል ስለሚገቡት ሴት ልጆች ሁሉ፣ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው፣ አንዲት ጥፋት ሳይገኝባቸው ጡረታ ለወጡት፣ ለአቶ ሀቢቡላህ።